የዓለም መንግሥታትን ጉባኤ በድሬ አንድ ክፍል ውስጥ እንዴት ማካሄድ ይቻላል?

ድሬዳዋ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤታችንን የሰላም ክበብም የማስተባብረው እኔ ነኝ። የሰላም ክበብ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ነጭ ቲሸርት፣ ርግብ የተሳለበት ባነርና በሰልፍ ላይ የሚነበብ ግጥም ነው። ግጥሙን እወደዋለሁ። ግን ልጆቹ የጦርነትና የሰላም ነገር በነማን ድምፅ፣ በስንት ገንዘብ እንደሚወሰን ሳያውቁ ከእጄ እንዲወጡ አልፈልግም። ስለዚህ በየዓመቱ ልጆቹ አገሮችን እየወከሉ የተባበሩት መንግሥታትን ጉባኤ ክፍላችን ውስጥ እንቀመጣለን። ሌላ ትምህርት ቤት ያላችሁ መምህራንና የክበብ ተጠሪዎችም እንድትሞክሩት አሠራሩን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ቀን ቁረጡ። ጥቅምት 7 ድህነትን የማጥፋት ዓለም አቀፍ ቀን ነው። ጥቅምት 14 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ቀን ሲሆን ትጥቅ የማስፈታት ሳምንትም የሚጀምረው ያን ዕለት ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ሳምንት ለኛ የተሠራ ይመስላል፤ በድህነት ጀምራችሁ በጦር መሣሪያ ትጨርሳላችሁ። ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። የድሬ ከሰዓት በኋላ ሱቁም ሰውም በሩን ዘግቶ የሚያርፍበት ነው፤ ክርክር አይሆንለትም።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ቆርኪ ነው። ልጆቹ ከሰፈር ሱቅና ከሻይ ቤት የለስላሳ ቆርኪ ለቅመው ይምጡ፤ 30 ይበቃል። አንዱ ቆርኪ 100 ቢሊዮን ዶላር ነው ብላችሁ ተስማሙ። የስቶክሆልሙ የሰላም ጥናት ተቋም ሲፕሪ እንዳሰላው እ.ኤ.አ. በ2024 ዓለም ለጦር ኃይሉ ያወጣው 2.7 ትሪሊዮን ዶላር ነው። ስለዚህ 27 ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ ይደርደር። በዚያው ዓመት ሀብታሞቹ አገሮች ለልማት እርዳታ የሰጡት ከ200 ቢሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ነው። ከጎን 2 ቆርኪ አስቀምጡ። ከዚያ ዝም በሉ። እዚህ ላይ መምህር ማብራራት ሲጀምር ነገሩ ይበላሻል። ይቁጠሩት፣ ይነካኩት፣ ራሳቸው ይጠይቁ።

ሁልጊዜ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ሁለቷስ ብትሆን እኛ ጋ ትደርሳለች?» የሚል። ትደርሳለች። በማለዳ መንገድ ሲጠርጉ የምናያቸው የሴፍቲኔት እናቶች ምሳሌ ናቸው። የከተማ ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀመር ድሬዳዋና ሐረርን ጨምሮ 11 ከተሞችን ያቀፈ ነበር፤ የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦለታል። በኛ ሒሳብ ይህ አንዱ ቆርኪ ሺህ ቦታ ቢከፈል ሦስቱ ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ እናታቸው እዚያ የሚሠሩ ልጆች ይኖራሉ። እነሱን ነጥላችሁ አታናግሩ፤ ከፈለጉ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ሲናገሩም ክፍሉ በሙሉ ያዳምጣል።

ሀብታሞቹ የገቡትን ቃልም ሰሌዳው ላይ ጻፉት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳለፈው ውሳኔ ያደጉ አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶ ለልማት እርዳታ እንዲሰጡ ተጠይቀው ነበር። ይህን የሚያሟሉት ዛሬም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሌላ በኩል በከፋ ድህነት ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ፣ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2025 ባሻሻለው የቀን 3 ዶላር መስፈርት፣ 800 ሚሊዮን ገደማ ነው።

አሁን የቤት ሥራ ስጡ። እኔ ከሁሉም በላይ የምሳሳለት ክፍል ይህ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ሂዱበት።

የኛ ከተማ ጦርነትን በወሬ ብቻ አታውቀውም። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር እዚህ ደርሷል፤ ነሐሴ ላይ ድሬ ራሷ ተጠቅታለች፤ የጅቡቲው ባቡር መስመር ተቆርጧል፤ ሐረር ለወራት ተከባለች። ልጆቹ ይህን ከቤት ሰምተውታል። የማይሰሙት የመሣሪያውን ነገር ነው። የሶማሊያ ጦር የታጠቀው ከሶቪየት ኅብረት ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ደግሞ ለብዙ ዓመታት የታጠቀው ከአሜሪካ ነው። ጦርነቱ መሃል ላይ ግን ሰልፉ ተገለበጠ። ሶቪየቶች ወደ አዲስ አበባ ዞሩ፤ ከኅዳር 1970 ጀምሮ ታንኩና መድፉ በአውሮፕላንና በመርከብ ጎረፈ፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። ትናንት አንዱን ያስታጠቀ ዛሬ ሌላውን አስታጠቀ። የሞተው ግን የኛው ሰው ነው፤ በሁለቱም ወገን። እዳውም እዚሁ ቀረ። ለሶቪየት ኅብረት የነበረብን እዳ አብዛኛው የጦር መሣሪያ ነበር። ሩሲያ ብዙውን የሰረዘችው ከዓመታት በኋላ ነው።

ታዲያ ክፍላችን ውስጥ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጧል። የዚያን ጊዜ የአንዱ አያት ከዚህ፣ የሌላው አያት ከዚያ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ልጆቹ ቤት ሄደው «ማን ልክ ነበር?» ብለው እንዳይጠይቁ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። የሚጠይቁት ጥያቄ ይህ ብቻ ነው፦ «በዚያ ዓመት ከቤታችሁ ምን ጠፋ?» መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይምጡ፤ ስም አይጻፍበት። ወረቀቶቹን ሰብስቡና እናንተ አንብቡላቸው። ስኳር ጠፋ። ላምባ ጠፋ። ወንድሜ። ትምህርት። ወደ ጅቡቲ የሄደው አጎቴ አልተመለሰም። ሲነበብ የትኛው ወረቀት ከየትኛው ቤት እንደመጣ ማንም መለየት አይችልም። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ክርክር ሌላ መልክ ይኖረዋል።

አገር በዕጣ ይከፋፈል። ማንም ልጅ ቤተሰቡ የመጣበትን ወይም ዘመድ ያለበትን አገር እንዳይወክል፤ ሶማሊያ ለሶማሌ ልጅ ከወጣች ዕጣው ይደገም። አምስቱ ቋሚ የጸጥታ ምክር ቤት አባላት የግድ ይኑሩ፦ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ። ከዚያ ታሪክ ያላቸውን አስገቡ። ደቡብ አፍሪካ ስድስት የኑክሌር ቦምብ ሠርታ፣ ራሷ አፍርሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለዓለም ያሳወቀች ናት። ኮስታሪካ እ.ኤ.አ. በ1948 ሠራዊቷን አሰናብታለች። ማርሻል ደሴቶች ላይ አሜሪካ 67 የኑክሌር ሙከራ አድርጋለች። ጅቡቲን አትርሱ፤ ልጆቹ በንግድና በዘመድ የሚያውቋት ትንሽ አገር የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይናና የጃፓን ወታደሮች ጎን ለጎን የሰፈሩባት መሆኗን ሲሰሙ ይገረማሉ። እያንዳንዱ ልጅ ስለ አገሩ ግማሽ ገጽ ይጻፍ። ከዚያ በላይ አትጠይቁ፤ ከኢንተርኔት ገልብጦ ነው የሚያመጣው።

ስለ ቋንቋ። የተባበሩት መንግሥታት ስድስት ይፋዊ ቋንቋ አለው። እኛ ጋ ሁሉም በቀለለው ይናገር፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ። አጠገቡ የተቀመጠው ይተርጉም። የድሬ ልጅ ለዚህ ተፈጥሯል፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ የሚጨርስ ነው። አንድ ደንብ ብቻ ያዙ፦ ተርጓሚው የራሱን ሐሳብ አይጨምር። መጀመሪያ ላይ ይከብዳቸዋል። ግን የማይስማሙበትን ሐሳብ አሳምሮ ለሌላው ማድረስ ለሰላም ሥራ ከሚያስፈልጉ ነገሮች ሁሉ ዋናው ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ጉባኤው። 15 ወንበር በግማሽ ክብ አስቀምጡ፤ የጸጥታው ምክር ቤት ነው። አምስቱ ወንበር ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። የውሳኔ ሐሳቡ አጭር ይሁን፦ «ጦርነት ላይ ላለች አንዲት አገር መሣሪያ መሸጥ ይቁም።» ለማጽደቅ 9 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከቀይ ጨርቅ ወንበር አንዱ ከተቃወመ ግን ወደቀ። ከአምስቱ ለአንዱ ልጅ አስቀድማችሁ በጆሮው ንገሩት፤ መሣሪያውን የምትሸጠው አንተ ነህ በሉት። እኛ ጋ አሥራ አራት እጅ ተነሳ። አንድ እጅ ተቃወመ። ማላዊን የያዘችው ልጅ ከወንበሯ ብድግ ብላ «አቦ፣ አሥራ አራት ለአንድ እኮ ነው!» አለች። ሰብሳቢዋ ደንቡን አነበበችላት። ልጅቷ አልተቀመጠችም፤ ደንቡ እንደገና ይነበብልኝ አለች፤ ተነበበ። በጣም ተናደዱ። ይናደዱ፤ ቶሎ አታረጋጓቸው።

በማግስቱ ወንበሮቹን በትኑና ጠቅላላ ጉባኤውን ተቀመጡ፤ 193 አባል አገር፣ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ። ቀዩ ጨርቅ የለም። እዚህ ስለ ፈንጂ ተወያዩ፤ ምክንያቱም የተቆለፈ በር ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሰው ሲረግጠው የሚፈነዳ ፈንጂን ለማገድ ጄኔቫ ላይ የተደረገው ድርድር አልራመድ አለ። የካናዳው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎይድ አክስዎርዚ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1996 የሚፈልግ አገር ሁሉ በዓመቱ ኦታዋ መጥቶ እንዲፈርም ጋበዙ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 122 አገሮች ፈረሙ። አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና ሳይገቡበት ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ አባል አገሮቹ ከ55 ሚሊዮን በላይ ፈንጂ ከመጋዘን አውጥተው አጥፍተዋል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2004 አጽድቃለች። በሶማሌ ክልል ከዚያው ከ1969 ጦርነት የተረፈ ፈንጂ ስላለ ጉዳዩ የኛም ነው።

የምሥራቹን ብቻ ነግራችሁ አታቁሙ። እ.ኤ.አ. በ2025 ፊንላንድ፣ ፖላንድ፣ ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊቱዌኒያ ከስምምነቱ እንደሚወጡ አሳውቀዋል፤ ሩሲያን ስለሚፈሩ ነው። እኔን አሳዝኖኛል። ቢሆንም አንድ ልጅ ፊንላንድን ወክሎ ያን ፍርሃት በቅንነት ያስረዳ። የሚፈራ ጎረቤት መሣሪያውን አይፈታም፤ ፍርሃቱን ያልሰማ ደግሞ አያስፈታውም።

አቅም ካላችሁ የመጨረሻውን ቀን ከሐረር ትምህርት ቤት ጋር አድርጉት። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ መድረስ ነው፤ ሚኒባስ ይበቃል። ሐረር ከዩኔስኮ የሰላም ከተማ ሽልማት ያገኘች ናት፤ ልጆቹ የጥንቱን የከተማ ግንብ ጁገልን ዞረው ቢገቡ ደስ ይላቸዋል። ካልሆነ ግን ክፍላችሁ ይበቃል።

ጉባኤው ሲያልቅ አንድ ደብዳቤ ይጻፍ። አንድ ብቻ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለሆነ ደብዳቤው ለድሬዳዋ ተወካይ ይሂድ። «ሰላም ይስፈን» ተብሎ አይጻፍበት፤ እሱን ማንም አይቃወመውም፤ ማንም አይመልስበትም። መልስ ያለው ጥያቄ ይጠየቅ፦ አገራችን የትኞቹን የትጥቅ ቅነሳ ስምምነቶች አጽድቃለች፣ የትኞቹን አላጸደቀችም፣ የቀሩት ለምን ቀሩ? የልጆቹ የቤት ሥራ ወረቀቶች ኮፒ አብሮ ይያያዝ። ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ የክበቡ ማኅተም ይረፍበት። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉትና ቁጥሩን ቅዱ። ወር ሳይሞላ ሁለት ልጆች ቁጥሩን ይዘው ሄደው የት እንደደረሰ ይጠይቁ። መልስ ካልተሰጠ፣ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው አጀንዳ እሱ ይሁን።