ኢኮኖሚስት ወደ ተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ሲገባ ምን ይዞ ይቅረብ?

በኢኮኖሚክስ ተመርቀው በተፈጥሮ ጥበቃ መሥራት ከፈለጉ፣ ሌላ ዲግሪ ከመጨመርዎ በፊት ራስዎ ከዳር ያደረሱት አንድ ትንታኔ ይኑርዎት። ለተፈጥሮ ያለ ፍቅር ቁም ነገር ነው፤ ሥራው ግን ስሌት ይጠይቃል። ለስታቲስቲክስ አር (R)፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ (QGIS) የተባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ይበቃሉ፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ።

አንድ ረግረጋማ መሬት ይምረጡ። «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው አይነሱ፤ «ቢደርቅ ማን ያተርፋል፣ ማን ይከስራል?» ብለው ይጀምሩ። ጎርፍ የሚያሰጋቸውን ቤቶች፣ ዓሣ አስጋሪዎቹን፣ መሬቱን ማረስ የሚፈልጉትን ገበሬዎች በሰንጠረዥ ለየብቻ ያስፍሩ። ጥቅሙ ለሁሉም ሆኖ ወጪው በገበሬዎቹ ላይ ብቻ ከወደቀ ጥበቃው አይጸናም።

ከዚያ የወደፊቱን ጥቅም ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመልሰው የቅናሽ ምጣኔ ይመጣል። ከ50 ዓመት በኋላ የሚገኝ 1,000 ዶላር በ3 በመቶ ሲሰላ ዛሬ 228 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ በ7 በመቶ 34፣ በ10 በመቶ 8.5 ብቻ። መሬቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ምጣኔው ነው። ስለዚህ ውጤቱን ቢያንስ በሦስት ምጣኔ ያሳዩ። አንዱን ብቻ ማቅረብ በውሳኔ ሰጪው ቦታ ሆኖ መወሰን ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተው ሲደምር ነው። ረግረጉ ውሃ ያጣራል፣ የተጣራው ውሃ ይጠጣል፤ ሁለቱንም ከደመሩ አንድ ጥቅም ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 የተቀበለው የሥነ ምህዳር ሒሳብ አያያዝ ሰነድ (SEEA EA) ሰው በቀጥታ የሚጠቀምበትን የመጨረሻ አገልግሎት፣ ለእሱ ግብዓት ከሚሆነው መካከለኛ አገልግሎት ይለያል፤ ይህን የሚያብራራውን ክፍል ደጋግመው ያንብቡት።

ከሁሉም የሚከብደው «ፕሮጀክቱ ባይኖርስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ኮስታሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የደን ሕግ መሠረት ደናቸውን ለሚጠብቁ ባለይዞታዎች ይከፈላል። ነገር ግን ከመንገድ የራቀ ገደላማ ደን ባይከፈልበትም ላይቆረጥ ይችላል። ስለዚህ የተከፈለበትን ደን በተዳፋቱ፣ በአፈሩና ከመንገድ ባለው ርቀት ከሚመስለው ካልተከፈለበት ጋር ያወዳድሩ። ጭፍጨፋው ወደ ጎረቤት ተሻግሮ እንደሆነም ዙሪያውን ይለኩ።

አዲስ የክፍያ ዘዴ ሊሞከር ከሆነ ሥራው ሳይጀመር ይግቡ፤ የመነሻ መረጃ ካልተሰበሰበ፣ በኋላ ውጤቱ የሚወዳደርበት ነገር አይኖርም።

ለሥራ ሲያመለክቱ ትንታኔውን በሁለት ገጽ አሳጥረው፣ ኮዱን አያይዘው ይላኩ። የከሳሪዎቹ ሰንጠረዥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሁን።