በአንድ ቲኤል071 የሚሠራ ንጹሕ የጊታር ቡስት ፔዳል

ንጹሕ ቡስት የጊታሩን ጠባይ ሳይነካ ሲግናሉን ብቻ ያጎላል። ሶሎ ከባንዱ ድምፅ በላይ እንዲሰማ፣ ወይም የቲዩብ አምፕሊፋየርን መግቢያ ጠንከር አድርጎ ለመግፋት ይጠቅማል። እዚህ ሲግናሉን የሚያጎላው ባለ 8 እግሩ ኦፕአምፕ (የማጉያ ቺፕ) ቲኤል071 ነው፤ ከዚህ በታች በቁጥር የሚጠሩት እግሮች የእሱ ናቸው።

የ9 ቮልት ባትሪ ከዜሮ በታች ቮልቴጅ ስለሌለው መጀመሪያ ሲግናሉ የሚወዛወዝበት መሃል ይሠራል። ሁለት 10 ኪሎኦም ሬዚስተሮችን ከ9 ቮልቱ እስከ ግራውንድ በተከታታይ ይበይዱ፤ መገናኛቸው 4.5 ቮልት ይሆናል። ከዚያ ነጥብ ወደ ግራውንድ 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያስገቡ።

ከመግቢያው ጃክ 22 ናኖፋራድ ካፓሲተር ወደ እግር 3፣ ከእግር 3 ወደ 4.5 ቮልቱ 2.2 ሜጋኦም ሬዚስተር ይሄዳል። ጃኩ ላይም ወደ ግራውንድ ሌላ 2.2 ሜጋኦም ይጨምሩ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ «ፖፕ» የሚል ድምፅ እንዳያሰማ የሚያደርገው እሱ ነው። ጊታሩ የሚያየው ጭነት 1.1 ሜጋኦም ያህል ነው። በጣም ካነሰ ቀጫጭኑ ድምፅ ይታፈናል።

የማጉያው ልብ እግር 2 ነው። ከእግር 6 ወደ እግር 2 ባለ 100 ኪሎኦም ፖት (በእጅ የሚዞር ተለዋዋጭ ሬዚስተር)፣ ከእግር 2 ወደ ግራውንድ 10 ኪሎኦም ከ1 ማይክሮፋራድ ጋር በተከታታይ ያገናኙ። የማጉያው መጠን 1 ሲደመር (ፖት ሲካፈል ለ10 ኪሎኦም) ነው፤ ሙሉ ሲከፈት 11 እጥፍ፣ 21 ዴሲቤል ገደማ። ይህን 1 ማይክሮፋራድ በፍጹም አይዝለሉት። ከሌለ 4.5 ቮልቱም አብሮ ስለሚባዛ ፖቱ ከፈት ሲል መውጫው ጣሪያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ድምፁም ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል። ፖቱ ሎግ (መጀመሪያ ላይ በዝግታ የሚጨምር) ይሁን፤ ሊኒየር (እኩል በእኩል የሚጨምር) ከሆነ ግማሹ ላይ ገና ከመድረሱ 15 ዴሲቤል ያልፋል፣ ለመቆጣጠርም ያስቸግራል። የፖቱን 1ኛና 2ኛ እግር ይጠቀሙ፣ 3ኛውን ከ2ኛው ጋር ያያይዙ። ከፖቱ ጎን 47 ፒኮፋራድ ማድረግ ጩኸትን ይከላከላል።

መውጫው ከእግር 6 በ1 ማይክሮፋራድ ይወጣል፣ ከካፓሲተሩ ወዲያ ወደ ግራውንድ 100 ኪሎኦም። እግር 7 ወደ 9 ቮልት፣ እግር 4 ወደ ግራውንድ፤ በሁለቱ መካከል ቺፑ አጠገብ 100 ናኖፋራድ።

ንጽሕናው የሚያበቃበት ቦታ አለ። ቲኤል071 ከላይም ከታችም 1.5 ቮልት ገደማ ሳይደርስበት ስለሚቀር የሚቀረው ወዲህና ወዲያ 3 ቮልት ነው። በ11 እጥፍ ደግሞ ከ0.27 ቮልት በላይ የሚገባ ሁሉ ይቆረጣል፤ ኃይለኛ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል የጊታር ፒክአፕ) ያለው ጊታር በብርቱ ሲመታ ይህን በቀላሉ ያልፋል። የማጉያውን መጠን ይቀንሱ ወይም ፔዳሉን 18 ቮልት ይስጡት። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮቹ ግን ቢያንስ 25 ቮልት የሚችሉ ይሁኑ።

ጊታር ከመሰካትዎ በፊት በማልቲሜትር እግር 6ን ይለኩ፤ 4.5 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። እግር 3 ላይ 3.7 ቮልት ቢያነቡ አይደንግጡ፤ የሜትሩ 10 ሜጋኦም ራሱ 2.2 ሜጋኦሙን ስለሚጭነው ነው።