ጫፉ ክብ የሆነ ወፍራም ፊደል፦ እንዴት ይሠራል፣ የትስ ያምራል

ባሕር ዳር ላይ ጁስ ቤት የሚከፍት፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የአፀደ ሕፃናት ታፔላ የሚያሠራ ሰው «ወፈር፣ ለስለስ ያለ ፊደል ይሁንልኝ» ይላል። የሚፈልገው መስመሩ ከላይ እስከ ታች እኩል የሚወፍር፣ ጫፉና ማዕዘኑ የተድቦለቦለ ፊደል ነው። በላቲኑ በኩል ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ቫግ ራውንድድ፣ ኤሪያል ራውንድድ፣ ኑኒቶ የሚባሉት ፎንቶች (የኮምፒውተር ፊደል ዓይነቶች) የዚህ ዓይነት ናቸው። አማርኛ ግን የላቸውም። ኑኒቶን መርጣችሁ አማርኛ ብትጽፉ ኮምፒውተሩ ሳያስጠነቅቅ ሌላ ፎንት ይተካበታል። እንግሊዝኛው ድብልብል፣ አማርኛው ቀጫጫ የሆነበት ታፔላ የሚወጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ አማርኛውን ራሳችሁ ማድቦልቦል አለባችሁ።

መነሻው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ይሁን፤ ነፃ ነው፣ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም የተለያየ ውፍረትም አለው። ብዙዎች እዚህ ጋ ይሳሳታሉ፦ ከሁሉም ወፍራሙን ይመርጡና በዙሪያው መስመር ይጨምሩበታል። መካከለኛውን ምረጡ፤ ውፍረቱን የሚሰጠው በኋላ የምትጨምሩት መስመር ነው።

ኮሬል ድሮው በሚባለው የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ጽሑፉን ጽፋችሁ፣ የፊደሉን ቁመት 10 ሳ.ሜ. አድርጉና በኮንትሮል እና ኪው ወደ ከርቭ፣ ማለትም ከጽሑፍ ወደ ተራ ቅርጽ፣ ቀይሩት። ኤፍ 12ን ተጭናችሁ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ የዙሪያውን መስመር ውፍረት 6 ሚ.ሜ.፣ ማዕዘኑን ክብ፣ ቀለሙን ከፊደሉ ጋር አንድ አድርጉ። ከ6ቱ ሚሊሜትር ግማሹ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ፊደሉ በየጎኑ 3 ሚ.ሜ. ይወፍራል፣ የውጭ ማዕዘኑም በዚያው ልክ ይከባል። በፊደሎቹ መካከል የነበረው ክፍተት በ6 ሚ.ሜ. ስለሚጠብ ያንኑ ያህል አራርቋቸው። እዚያው ሳጥን ውስጥ መስመሩ ከሥዕሉ ጋር አብሮ እንዲያድግ የሚያደርገውን ምልክት ማድረግ አትርሱ። ካልተደረገ ሥራው ወደ 40 ሳ.ሜ. ሲያድግ መስመሩ 6 ሚ.ሜ. ላይ ይቀራል፤ ባነሩ ታትሞ ሲመጣ ፊደሉ ኮምፒውተር ላይ ካያችሁት ቀጥኖ፣ ማዕዘኑም ሾሎ ታገኙታላችሁ።

በመጨረሻ በኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኪው መስመሩን ወደ ቅርጽ ለውጣችሁ፣ መስመሩንና ፊደሉን ዌልድ በሚባለው ማጣበቂያ ትእዛዝ አዋህዷቸው። ይህ ካልተደረገ የስቲከር መቁረጫው የተደራረበውን መስመር ሁሉ ይከተልና ፊደሉን መሐል ለመሐል ይተለትለዋል።

የአማርኛ ፊደል ፈተናው ሆዱ ነው። የወ፣ የመ፣ የፀ ውስጠኛ ክፍተት ጠባብ ነው፤ የጠ፣ የጨ እና የሐ እግሮችም ተቀራርበው ነው የቆሙት። ፀ ሲወፍር መሐሉ ያለችው መስመር ክፍተቱን ትሞላና ከሩቅ ዐ ይመስላል። ሸ፣ ቸ እና ኘ ደግሞ አናታቸው ላይ ያለው መስመር ከታችኛው አካል ጋር ይጣበቃል። «ለሽያጭ» የሚለውን ቃል በዚህ ፊደል ጽፋችሁ አምስት እርምጃ ራቁና እዩት፦ ሽ እና ጭ መጀመሪያ ይደፈናሉ። መለኪያችን ቀላል ነው፤ ሆዱ ቢያንስ የፊደሉን መስመር ውፍረት ግማሽ ያህል ይስፋ። ካልሰፋ የጨመራችሁትን የዙሪያ መስመር ወደ 4 ሚ.ሜ. አውርዱ፣ ወይም አስቸጋሪዎቹን ፊደሎች ብቻ ለይታችሁ በእጅ ክፈቷቸው። ሁለተኛው አድካሚ ቢሆንም ጥሩ ታፔላ የሚለየው በዚህ ነው።

ለመጠኑ በታፔላ ሥራ የተለመደው ሂሳብ ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳ.ሜ. ቁመት ነው። ከመንገዱ ማዶ በ15 ሜትር እንዲነበብ ከፈለጋችሁ 12.5 ሳ.ሜ. ይሆናል። ለዚህ ፊደል ትንሽ ጨምሩበት፣ 15 ይሁን። ከውስጥ መብራት ያለው ታፔላ ከሆነ ደግሞ አንድ ደረጃ አቅጥኑት፤ ነጭ ፊደል ማታ ሲበራ ብርሃኑ ወደ ሆዱ ይፈስና ይደፍነዋል።

የሚያምርበት ቦታ ጥቂት ቃል በትልቁ የሚጻፍበት ነው፦ ጁስ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የሕፃናት ልብስ፣ የባጃጅ ስቲከር፣ የማር ማሸጊያ። በማር ማሰሮ ላይ «የጎጃም ማር» የሚለው ብቻ በዚህ ፊደል ይጻፍ፤ ክብደቱ፣ የታሸገበት ቀንና አድራሻው በተራ ቀጥ ያለ ፊደል ይሁኑ። ስልክ ቁጥርም እንዲሁ፤ 6፣ 8 እና 9 በትንሹ ሲጻፉ እርስ በርስ ይምታታሉ።

ለቤተ ክርስቲያን፣ ለቅኔ ጉባኤ፣ ለመታሰቢያ ሐውልት ግን አትጠቀሙበት። የዲማ ጊዮርጊስንና የጣና ገዳማትን ብራና ያየ ዓይን ፊደልን የሚያውቀው መቃ ብዕር በሚሰጠው ወፍራምና ቀጭን መስመር ነው። እኩል ወፍሮ የተድቦለቦለ ፊደል እዚያ ላይ የጨዋታ ይመስላል።

ለስቲከር ሥራ ግን ክብ ጫፉ ሌላ ጥቅም አለው። ሹል ማዕዘን በክረምቱ ዝናብና በእጥበት ቶሎ ይነሣል፤ ክቡ ግን ውኃው የሚገባበት ሹል ጫፍ ስለሌለው አጥብቆ ይይዛል። ከ3 ሚ.ሜ. ያነሰ ሆድ ካለ ግን ሲላጥ ከፊደሉ ጋር ተያይዞ ስለሚነሣ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አትማችሁ በማስመሪያ ለኩት።