ሞተሩ ቀዝቃዛ አየር ይሳብ
ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲነዱ መኪናው ከደከመብዎ፣ ነዳጁን ከመውቀስዎ በፊት ኮፈኑን ይክፈቱ። ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደውን የፕላስቲክ ቱቦ ይከተሉ። በብዙ መኪኖች አፉ ከፊት መብራቱ ጀርባ ወይም ከፊት ለፊት ፍርግርጉ አጠገብ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቱቦው ተፈትቶ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ ሞተሩ ራዲያተሩ የሚተፋውን ትኩስ አየር ይስባል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ቀድሞውንም ስስ ነው። በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ 3 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ሞተሩም ይደክማል። የወለቀውን ቱቦ ይመልሱ፣ የተሰነጠቀውን ይቀይሩ። ከጭስ ማውጫው በላይ ያለውን የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮም ይንቀጫቀጫል ብለው አይጣሉት፤ ብሎኑን ያጥብቁት። እነዚያ የሚያብረቀርቁ ክፍት ማጣሪያዎች? ድምፃቸው ያምራል እንጂ ያለ መከለያ ከገጠሟቸው የሚጠጡት ትኩስ አየር ነው። ታዲያ የሚነካካው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።