የሶል ነጠላ ዜማና የአልበም ቅጂ፦ ሲያዳምጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የድሮ የአሜሪካ ሶል (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ዘፈን ስም ለሁለት ሰዎች ቢጠሩ ሁለቱም «አውቀዋለሁ» ሊሉ ይችላሉ። አንዱ ግን የሚያውቀው በደቂቃ 45 ጊዜ በምትዞረው ትንሽ ሸክላ የወጣውን፣ ማለትም ነጠላውን ነው። ሌላው ደግሞ ትልቁ አልበም ላይ ያለውን። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሶል ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ስንኝ የተቆረጠባቸው አሉ፣ ቴፑ የተፋጠነ አለ፣ ጭራሽ እንደገና የተዘፈነም አለ። ሰዎች ደጋግመው የሚስቱባቸውን ነጥቦች ላንሳ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ነጠላው ማለት ጫፉ የተቆረጠ የአልበም ዘፈን ነው» ብሎ ማሰብ

ዋናው ስህተት ይህ ይመስለኛል። የያኔው ሬዲዮ ሦስት ደቂቃ ገደማ የሆነ ዘፈን ይወድ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው መጨረሻው ላይ ድምፁን ቀስ እያደረጉ አጥፍተውት ነው ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዴ እውነት ነው። መቀሱ ሌላ ቦታ ሲያርፍ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ዘፋኙን ሳም ኩክን እንውሰድ። ኦክቶበር 1963 ላይ በሉዊዚያና ግዛት፣ ሽሪቭፖርት ከተማ፣ እሱና አብረውት የነበሩት ጥቁር በመሆናቸው ከአንድ ሆቴል ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ «ኤ ቼንጅ ኢዝ ጎና ካም»ን ጻፈ፤ በ1964 መጀመሪያ ላይም በአልበም ወጣ። አልበሙ ላይ ሲኒማ ቤት ስሄድ፣ መሀል ከተማ ስወርድ፣ እዚህ አትቁም የሚለኝ አለ የሚል አንጓ አለው። ሳም ኩክ ዲሴምበር 11 ቀን 1964 በጥይት ተገደለ። በዚያው ወር ዘፈኑ በትንሿ ሸክላ፣ «ሼክ» በተባለው ዘፈን ጀርባ ወጣ። ያ አንጓ ግን የለም።

የተነሳው አንጓ የዘር መድልዎን በግልጽ የሚናገረው ነው። የቀረው ክፍል አሁንም አንጀት ይበላል። ነገር ግን ሐዘኑ ከየት እንደመጣ የሚነግረን ቦታ ተነቅሏል። ነጠላውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ዘፈኑን ገና አልሰማውም ባይ ነኝ።

ስቲቪ ዋንደር በ1973 ያወጣው «ሊቪንግ ፎር ዘ ሲቲ»ም እንዲሁ ነው። አልበሙ ላይ ከ7 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። መሀሉ ላይ አጭር ድራማ አለ። ከሚሲሲፒ የመጣ ወጣት ኒውዮርክ ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ በፎቆቹ ይደነቃል፣ ወዲያው ፖሊስ ይይዘዋል፣ አሥር ዓመት ይፈረድበታል፣ የእስር ቤቱ በር ይዘጋል። 4 ደቂቃ በማይሞላው ነጠላ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። የሚቀረው ጥሩ ምት ያለው የድህነት ዘፈን ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ሌላ ሥራ ነው።

«ረጅሙ ሁልጊዜ እውነተኛው ነው» ማለት

ከላይ ያልኩትን ሰምተው እዚህ ስህተት ውስጥ መግባት ቀላል ነው። ጄምስ ብራውን በ1965 «ፓፓስ ጎት ኤ ብራንድ ኒው ባግ»ን ሲቀዳ ወደ 7 ደቂቃ የሚጠጋና ዝግ ያለ ነበር። ከዚያ መግቢያው ተቆረጠ፣ ቴፑ ተፋጠነ፣ ዘፈኑም ለሁለት ተከፍሎ በሸክላው ፊትና ጀርባ ወጣ። አንደኛው ክፍል 2 ደቂቃ ገደማ ነው። ያልተቆረጠው ቅጂ በ1991 «ስታር ታይም» በተባለው የሲዲ ስብስብ ወጥቷል። ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ባንዱ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ዓለምን ያስጨፈረው ግን ያ የተፋጠነው ነው። ለእኔም ዘፈኑ ማለት እሱ ነው።

«አልበሙ ይቀድማል፣ ነጠላው ከእሱ ይወጣል» የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» በነጠላ የወጣው ጃንዋሪ 1971 ነው። የሙዚቃ ኩባንያው የሞታውን ባለቤት ቤሪ ጎርዲ መጀመሪያ ላይ አልወደደውም ነበር። ሸክላው በደንብ ሲሸጥ አልበም ተጠየቀ፤ እሱም ሜይ ላይ ደረሰ። አልበሙ ላይ ዘፈኑ ሳይቋረጥ ወደሚቀጥለው ይፈስሳል፤ ነጠላው ላይ ለብቻው ይቆማል። ሚክሲንጉም (ድምፆቹ የተመጣጠኑበት መንገድ) የተለየ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። የስሞኪ ሮቢንሰንና የሚራክልስ «ዘ ቲርስ ኦፍ ኤ ክላውን» በ1967 አልበም ላይ ተኝቶ ቆይቶ፣ በ1970 በነጠላ ሲወጣ በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ሆነ።

የአይዛክ ሄይስ «ሆት በተርድ ሶል» ግን ለረጅሙ ወገን ያስፈርዳል። የ1969 አልበም ነው፤ ያለው አራት ዘፈን ብቻ ነው። አንዱ ከ18 ደቂቃ በላይ ሲሆን፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ሰውዬው ረጅም ታሪክ ይተርካል። ለሬዲዮ ሲባል አሳጥረው በነጠላ አወጡት። ሥራው የቆመው በዚያ ትዕግሥት ላይ ነውና ሲያጥር አይሆንም። ደንብ የለውም፤ በየዘፈኑ መፍረድ ነው።

የእኛ አገር አድማጭ ለትንሿ ሸክላ እንግዳ አይደለም። አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ካሳተማቸው ሥራዎች አብዛኞቹ ባለ 45 ዙር ናቸው። የእነ ዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ማንም «ነጠላ ስለሆነ ያንሳል» አላለም።

«ዘፋኙ አንድ፣ ዘፈኑ አንድ፣ ስለዚህ ቅጂው አንድ»

ኦቲስ ሬዲንግ «አይቭ ቢን ላቪንግ ዩ ቱ ሎንግ»ን ኤፕሪል 1965 በሞኖ (ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር) ቀዳ፤ ነጠላው ያ ነው። ጁላይ ላይ ኢንጂነሩ ቶም ዳውድ ሜምፊስ ወዳለው የሙዚቃ ኩባንያው የስታክስ ስቱዲዮ መጣ። ለ«ኦቲስ ብሉ» አልበም ዘፈኑ በስቴሪዮ (ድምፁ ለግራና ለቀኝ ተከፍሎ) እንደገና ተዘፈነ። ሁለት ቀን፣ ሁለት አዘፋፈን ማለት ነው። ትንፋሽ የሚወስድበትን፣ ድምፁን የሚጎትትበትን ቦታ አስተያይተው ይስሙ።

የጄምስ ብራውን «ሴክስ ማሽን»ም በ1970 በነጠላ ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት አልበም ላይ 11 ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሌላ ቅጂ ሆኖ መጣ። የሚሰሙት የሕዝብ ጭብጨባ ስቱዲዮ ውስጥ የተጨመረ ነው። «ላይቭ ነው» ብለው እንዳይከራከሩ።

ሞኖን መናቅ

ሞታውን ዲትሮይት ውስጥ ዘፈን ሲሠራ የሚያስበው የመኪና ሬዲዮንና ትንሿን ትራንዚስተር ነበር። ስለዚህ ዋናው ድካም የሚፈስሰው ሞኖው ላይ ነው። ድራሙ፣ ቤዙ፣ ታምቡሪኑ ተጠጋግተው አንድ ላይ ይመታሉ። የአልበሙ ስቴሪዮ ብዙ ጊዜ ለብቻው የተሠራ ነው። አንዳንዴ የድምፁ ቅጂ ራሱ ይለያል። ድምፃዊውን ወደ አንድ ጆሮ፣ ባንዱን ወደ ሌላው የወረወረ ስቴሪዮ ሰምተው «ሞታውን ይህ ነው?» ካሉ፣ ሞኖውን ሳይሰሙ አይፍረዱ።

ከዚህ የሚብሰው የውሸት ስቴሪዮ ነው። ሞኖውን ወስደው ቀጭኑን ድምፅ ወደ አንድ ጎን፣ ወፍራሙን ወደ ሌላው ያደርጉታል። በ1970 የወጣው የስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን ምርጥ ስብስብ «ታንክ ዩ»ን ጨምሮ አንዳንድ ዘፈኖችን እንዲህ አድርጎ አቅርቧል።

የታተመውን ደቂቃ ማመን

ፕሮዲውሰሩ ፊል ስፔክተር በ1964 የራይቸስ ብራዘርስን «ዩቭ ሎስት ዛት ላቪን ፊሊን» ሲያወጣ ሸክላው ላይ 3:05 ብሎ አሳተመ። ዘፈኑ 3:45 ገደማ ነው። ሬዲዮዎች ረዝሟል ብለው እንዳይጥሉት ነው።

የሸክላውን ጀርባ አለመገልበጥ

የቴምፕቴሽንስ «ፓፓ ዋዝ ኤ ሮሊን ስቶን» በ1972 አልበም ላይ 12 ደቂቃ ገደማ ነው። ፕሮዲውሰሩ ኖርማን ዊትፊልድ ነው። ነጠላው ራሱ 7 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ እንዲያም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ጀርባው ላይ ያለው፣ ዘፋኝ ሳይገባበት በመሣሪያ ብቻ የተሠራው ቅጂ ደግሞ በ1973 የራሱን ግራሚ አሸነፈ። ሸክላውን ያልገለበጠ ሰው ያመለጠውን ያስቡት።

በ«ምርጥ ስብስብ» መተማመን

ብዙ ስብስቦች ነጠላውንና የአልበሙን ቅጂ ቀላቅለው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይናገሩ ያቀርባሉ። በስልክ አፖችም ላይ ይኸው ነው። የነጠላዎቹን ትክክለኛ ቅጂ ለሚፈልግ በጥንቃቄ የተሠሩ ሳጥኖች አሉ። የስታክስና የእህት ኩባንያው የቮልት ከ1959 እስከ 1968 ያሉት ነጠላዎች በ1991 በ9 ሲዲ ወጥተዋል። የሞታውን ከ1959 እስከ 1972 ያሉት ነጠላዎች ደግሞ ከ2005 እስከ 2013 በወጡ 14 ሳጥኖች ተሟልተዋል። ዋጋቸው ከከበደ የዘፈኖቹን ዝርዝርና ደቂቃ ያውጡና አፑ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። ደቂቃው ካልገጠመ የያዙት ሌላ ቅጂ ሊሆን ስለሚችል፣ መግቢያውንና መሀል ያሉትን አንጓዎች በጆሮዎ ያረጋግጡ።