ከ40 በኋላ የፀጉር ቀለም ስትቀይሪ ሜካፕሽንና ልብስሽን እንዴት ታስማሚያለሽ?

ለዓመታት ጥቁር ስትቀባ የኖረች ሴት ቀለሙን ትታ ሽበቷን ስትለቅ፣ ወይም ከጥቁር ወደ ቡኒ ስትዞር፣ አንድ ነገር መስማቷ አይቀርም። «ምነው ጠቆርሽ? አሞሽ ነበር እንዴ?» ጠያቂዋ ክፉ አስባ አይደለም። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተለውጦባታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልለየችውም። ብዙ ሴት ያኔ ደንግጣ ወደ ጥቁሩ ቀለም ትመለሳለች።

እኔ ግን ጥፋቱ የፀጉሩ አይደለም ባይ ነኝ። ፀጉሩ ተቀይሮ ቅንድቡ፣ ሊፒስቲኩና አንገት ላይ ያለው ልብስ እንደ ድሮው ስለቀሩ ነው። ጥቁር ፀጉር ፊትን ከብቦ ዓይንንና ከንፈርን ያጎላል፤ ምንም ሳትቀቢ እንኳን ፊትሽ ደምቆ ይታያል። ፀጉሩ ሲነጣ ወይም ሲቀላ ያ ድምቀት ይቀንሳል። የቀነሰውን በሌላ ቦታ በትንሽ በትንሹ መመለስ ነው ሥራው። ቁምሳጥን ሙሉ ልብስ መግዛት አያስፈልግም።

1. አትቸኩዪ

ከፀጉር ቤት በወጣሽ ማግስት ምንም አትግዢ። አዲስ ቀለም በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ይለዝባል። ቀላ ያሉት ቀለሞች ደግሞ ከሁሉም ቶሎ ይለቃሉ። ሂና በተቃራኒው ከታጠበ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ይጠቁራል። በመጀመሪያው ቀን ብርቱካናማ ሆኖ ያስደነገጠሽ ሽበት ቀስ እያለ ረጋ ይላል። ስለዚህ 2 ወይም 3 ሳምንት ጠብቂ።

ሽበትሽን ለማሳደግ ከወሰንሽ ትዕግስቱ ይረዝማል። ፀጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትከሻ የሚደርስ ፀጉር ሙሉ በሙሉ እስኪለወጥ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። አጠር አድርገሽ ከተቆረጥሽ ጊዜው ያጥራል። ሹሩባም ያግዛል፤ ጥቁሩና ነጩ አብረው ሲጎነጎኑ መለያው መስመር አይታይም። ግን ጠበቅ ተደርጎ አይሠራ። በዚህ ዕድሜ ግንባር ላይ ያለው ፀጉር በቀላሉ ይሳሳል።

አዲሱን ቀለም ገና ያልተቀባሽ ከሆንሽ ሁለት ነገር ልብ በይ። ሂና ስትቀቢ የኖርሽ ከሆንሽና አሁን ፀጉርሽን ልታስከፍቺ ከሆነ ለባለሙያዋ ሳትደብቂ ንገሪያት። አንዳንድ የተዘጋጁ ሂናዎች የብረት ጨው ይቀላቀልባቸዋል፤ ማስከፈቻው ሲነካቸው ፀጉር ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ማንኛውንም ቀለም ከመቀባትሽ 48 ሰዓት በፊት ከጆሮሽ ጀርባ ትንሽ ቀብተሽ ሞክሪ። ለዓመታት የተስማማሽ ቀለም እንኳን አንድ ቀን አለርጂ ሊያስነሳብሽ ይችላል።

2. መስኮት ዳር ቁሚ

ጠዋት ፊትሽን ታጥበሽ፣ ምንም ሳትቀቢ፣ መስታወት ይዘሽ መስኮት ዳር ቁሚ። የአምፖል ብርሃን ቀለምን ሊለውጥ ስለሚችል አትመኚው። ፀጉርሽን ደህና አድርገሽ እዪው። ወደ ብርማ ያደላል ወይስ ወደ ቢጫና ቀይ? ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ መልስ ነው።

የቆዳሽ ቀለም አልተለወጠም። ጠይም ከሆንሽ አሁንም ጠይም ነሽ፤ የቀይ ዳማ ከሆንሽም እንደዚያው። ስለዚህ ፋውንዴሽንሽን አትቀይሪ። ፀጉሬ ፈካ ስላለ ፊቴም ይፍካ ብለው አንድ ደረጃ ነጣ ያለ ፋውንዴሽን የሚገዙ አሉ። የኛ ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ፋውንዴሽን አመድ ነው የሚመስለው፤ «ጠቆርሽ» የሚባለውም አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል። የግድ አዲስ መግዛት ካለብሽ እጅሽ ላይ ሳይሆን መንጋጋሽ ላይ ሞክሪው። ከአንገትሽ ጋር ተዋህዶ ከጠፋ ያንቺ ነው።

3. ቅንድብ

አንድ ነገር ብቻ የማድረግ አቅም ቢኖርሽ ይሄን አድርጊ። ድፍን ጥቁር የቅንድብ እርሳስ ከጥቁር ፀጉር ጋር ሲሆን አይታወቅም። ከሽበት በታች ሲሆን ግን ሰው ከፊትሽ ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው። ሽበት ላለው ፀጉር ወደ ግራጫ የሚያደላ ጥቁር ቡኒ ይሻላል። ለቡኒና ለሂና ፀጉር ደግሞ ከፀጉሩ ትንሽ ጠቆር ያለ ቡኒ ያዢ። ቀይ ያለበትን ግን ተዪው። ቅንድብሽ ከፀጉርሽ ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት እንዲሆንም አትድከሚ። ቆዳሽ ጠቆር ያለ ከሆነ ግራጫ ቅንድብ ፊትሽን ያደበዝዘዋል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ቅንድብሽን በትንሽ ብሩሽ ወደ ላይ አበጥሪ። እርሳሱን ቅረጪና ከቅንድብሽ መሃል ጀምረሽ ወደ ጭራው፣ በፀጉሩ አቅጣጫ፣ አጫጭር ጭረቶች አድርጊ። አንድ ወጥ መስመር አትሳቢ። በአፍንጫ በኩል ላለው ጫፍ አዲስ ቀለም አትጨምሪ፤ ብሩሹ ላይ የቀረው ይበቃዋል። ሲያልቅ አንዴ በብሩሹ አለስልሺው። ቅንድብሽ ውስጥ ነጭ ፀጉር ብታገኚ አትንቀዪው። ቅንድብ በዚህ ዕድሜ ቶሎ አይሞላም፣ ቦታው ክፍት ሆኖ ይቀራል።

4. ከንፈር፣ ጉንጭ፣ ዓይን

ብዙዎቻችን የምንወደው ደብዛዛ ቡኒ ሊፒስቲክ ከጥቁር ፀጉር ጋር ያምር ነበር። ከሽበት ጋር ግን ፊትን ያጠፋዋል። ጥርት ያለ ቀይ፣ ወይን ጠጅ ወይም ደማቅ ሮዝ ሞክሪ። ደማቅ ቀለም ለልጆች ነው የሚለውን ወሬ አትስሚ። ሽበት ያላት ጠይም ሴት ወይን ጠጅ ከንፈር ስትሆን ፊቷ ሲነቃ ታይዋለሽ። ለቡኒና ለሂና ፀጉር ደግሞ የሸክላ ቀይ፣ የበርበሬ ቀይና ኮራል ይሄዳሉ። ደማቁን ካልለመድሽ በጣትሽ ነካ ነካ አድርገሽ ጀምሪ።

ያንኑ ሊፒስቲክ በትንሹ ጉንጭሽ ላይ ማሸት ትችያለሽ። ፓውደር መስመር ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ይብቃው።

ኩል የለመደች ሴት ኩሏን መተው አይሆንላትም፤ መተውም የለባትም። ቦታውን ብቻ ቀይሪ። ከታች ያለውን አቅልለሽ ከላይኛው ሽፋሽፍት ሥር አስምሪው። ታች ላይ የበዛ ጥቁር ከሽበት ጋር ሲሆን የዓይን ሥር ጥላን ያጎላል። የድንጋይ ኩል ግን እርሳስ (ሌድ) የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል እንደ መጻፊያ እርሳስ ተቀርጾ በሚሠራው የዓይን ኩል ብትተኪው ጥሩ ነው። ማስካራሽ ጥቁር እንደሆነ ይቀጥል፤ በ3 ወር አንዴ ለውጪው።

5. ቁምሳጥኑን ክፈቺ

ከወገብ በታች ያለውን ልብስ አትንኪው። ከፊትሽ ጋር የሚገናኘው ከደረት በላይ ያለው ነው። ሸሚዙን፣ ሹራቡን፣ ስካርፉን ሁሉ አልጋ ላይ አውጪና አንድ በአንድ አገጭሽ ሥር እየያዝሽ መስኮት ዳር እዪ። ልብሱን ሳይሆን ፊትሽን ተመልከቺ። ዓይንሽ ቀድሞ ከታየ ልብሱ ይቆይ። የዓይንሽ ሥር ከጠቆረ፣ ወይም ልብሱ ካንቺ ቀድሞ ከታየ፣ ለብቻው አስቀምጪው። ቶሎ ብለሽ ለሰው አትስጪው፤ አንገት ላይ ጥሩ ቀለም ያለው ስካርፍ ጣል ሲደረግበት ብዙው ይመለሳል።

ሽበት ከደማቅ ሰማያዊ፣ ከጥልቅ አረንጓዴ፣ ከሐምራዊና ከቀይ ጋር ይስማማል። የሚያደክሙት የአሸዋ ቀለም፣ ሰናፍጭ ቢጫና ልክ ፀጉሩን የመሰለ ግራጫ ናቸው። ቡኒና ሂና ፀጉር ደግሞ ክሬም፣ የወይራ አረንጓዴ፣ ቡናማና ጥቁር ቀይ ይወዳል።

ጥቁር ልብስ ከሽበት ጋር ያምራል፤ አንገቱ ገለጥ ያለ ሲሆንና ከንፈር ላይ ቀለም ሲኖር ግን ነው። ሀዘን ላይ ሆነሽ ጥቁር የለበስሽ እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ለጊዜው ተዪው። ጊዜው ሲደርስ ትመለሺበታለሽ።

6. የሀበሻ ልብስ

ይሄ ከሌላው ልብስ ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ነጠላው ፊትን ከብቦ ነውና የሚቀመጠው። መጀመሪያ ነጩን እዪ። የፋብሪካ ክር ድፍን ነጭ ነው፤ በእጅ የተፈተለው ደግሞ ለስለስ ያለ፣ ወደ ክሬም የሚጠጋ ነጭ አለው። ጥርት ያለ ብርማ ሽበት ድፍኑን ነጭ ይችለዋል። ሽበትሽ ቢጫ ያዘለ ከሆነ ግን ድፍኑ ነጭ ቢጫነቱን ያወጣበታል፤ ፈትሉ ይሻልሻል። ቢጫነቱ የሚመጣው ከፀሐይ፣ ከጭስና ከካስክ ሙቀት ነው። ሐምራዊ ሻምፑ አልፎ አልፎ ብትጠቀሚ ይቀንሳል። ብዙ ከቆየ ግን ራሱ ቀለም ስለሚተው ቶሎ አለቅልቂው።

ከዚያ ጥለቱ። ወርቃማ ጥለት ለቡኒና ለሂና ፀጉር እንደተሠራ ነው። ብርማ ፀጉር ላይ ግን ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ ወይም ብርማ ክር ያለበት ጥለት የበለጠ ያበራል። የድሮ ቀሚስሽን አትጣዪ። ከጥለቱ አንድ ቀለም እንኳን የሚጋራ አዲስ ነጠላ ብቻ ግዢለት። ጌጥም በዚሁ ሐሳብ ይሄዳል፤ ለሽበት ብር፣ ለቀላ ፀጉር ወርቅ። የሰርግ ወርቅሽን ግን ማንም አያስወልቅሽም፤ የጆሮ ጌጡ ብቻ ብር ቢሆን ይበቃል።

ሽሮ ሜዳ ስትሄጂ ፀጉርሽን በሻሽ ሸፍነሽ አትሂጂ። ነጠላውን ከሱቁ መብራት አውጥተሽ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ እዪው። ለሰርግ የምታሠሪ ከሆነ ቀለምሽ ከረጋ በኋላ ጥለቱን እዘዢ፤ ለሽማኔውም በቂ ጊዜ ስጪው። የፀጉርሽን ቀለም የምታሳድሺው ደግሞ ከሰርጉ አንድ ሳምንት ቀደም ብለሽ ይሁን፤ ያኔ ቀለሙም ለዝቦ፣ ግንባርሽ ላይ የነካውም ለቆ ይደርሳል።