ካሹን ካገኛችሁ በኋላስ?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ጀማሪ ለጂኦካሺንግ አብሮኝ ወጣ፤ አንዱ የደበቀውን ሳጥን («ካሽ» እንለዋለን) ሌላው በጂፒኤስ የሚፈልግበት ጨዋታ ነው። ስልኩን ይዞ፣ ቀስቱን እየተከተለ፣ ከወደቀ ግንድ ሥር ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አወጣ። ደስ አለው፤ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ሳጥኑን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝና «እሺ፣ አሁን ምን ላድርግ?» አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። መፈለጉን ማንም በአንድ ቀን ይለምደዋል። አፑ መንገድ ያሳያል፣ ዓይንም ቀስ በቀስ ይሰላል። ጂኦካሺንግ ውስጥ ጊዜ የሚወስደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሳጥኑን እንዴት ትከፍቱታላችሁ? እንዴትስ ትዘጉታላችሁ? ምን ትጽፋላችሁ? ከሌላው ፈላጊ ጋርስ እንዴት ታወራላችሁ? ለዚህ ሁሉ አማርኛ አንድ ቃል አለው፤ አደራ። ሳጥኑ የእናንተ አይደለም። አንድ ሰው ደክሞበት አስቀምጦታል፣ ሌላ ሰው ነገ ይመጣበታል። እናንተ መሃል ላይ ናችሁ።

ጨዋታው ሲጀመርም እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ ሜይ 2000 መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስን ሲግናል ለተራው ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ማዛባቱ እንደቆመ፣ ሜይ 3 ቀን፣ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀና መገኛ ነጥቡን ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው። ባልዲው ውስጥ መጽሐፍ፣ ቪዲዮ፣ ሶፍትዌር፣ ወንጭፍና አንድ ጣሳ የታሸገ ምግብ ነበር። ደብተርና እርሳስም ነበረበት። ሕጉ አጭር ነው፤ የሆነ ነገር ውሰድ፣ የሆነ ነገር ተው። በ3 ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት።

የሚገርመው፣ ያ ባልዲ ዛሬ ቢደበቅ አይፈቀድለትም ነበር። በከፊል መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነበር፤ ዛሬ ያለ መሬቱ ባለቤት ግልጽ ፈቃድ ጉድጓድ ቆፍሮ መደበቅ ክልክል ነው። ምግብ ነበረበት፤ ዛሬ ምግብ ማስቀመጥ ክልክል ነው። እንስሳት ከሰው በፊት ያሸቱታል፣ ሳጥኑን ጨምረው ያኝኩታል። ሕጎቹ አንድ ቀን ቁጭ ተብሎ የተጻፉ አይመስለኝም። የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተበላሸ፣ ሰዎች ከዚያ ተማሩ።

መፈለጉን ቶሎ ልለፈው። ስልካችሁ ጥቂት ሜትሮች ድረስ ያደርሳችኋል፤ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አጠገብ ከሆናችሁ ቀስቱ ይዋልላል። እዚያ ስትደርሱ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱትና በዓይናችሁ ፈልጉ። «እኔ ብሆን የት እደብቀው ነበር?» ብላችሁ ቁሙ። እጅ የሚመጣው ከዓይን በኋላ ነው። ቅርንጫፍ መስበር፣ የግንብ ድንጋይ መፈንቀል፣ ተክል መርገጥ አያስፈልግም። መሬት መቆፈር እንደጀመራችሁ ከተሰማችሁ ተሳስታችኋል፤ ካሽ ለማግኘት አይቆፈርም።

ሰው ሲያልፍ ቆም በሉ። ጨዋታውን የማያውቀውን አላፊ አግዳሚ እኛ «ሙግል» እንለዋለን። ስድብ አይደለም። ሙግል እያየ ሳጥን ያወጣችሁ እንደሆነ፣ ነገ ሳጥኑን ውሃ በላው ማለት ነው። ስልክ እንደሚያወራ ሰው ቁሙ፣ የጫማችሁን ክር እሰሩ፣ እስኪያልፍ ጠብቁ። ግን ቀርቦ ከጠየቃችሁ አትዋሹ። ተደብቃችሁ ከምትንሾካሾኩ በግልጽ ብትናገሩ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ አገር ዌዘርቢ በሚባል ከተማ አንድ ሰው ሳጥን ሲነካካ ታየና ቦምብ ነው ተብሎ ተጠረጠረ። አካባቢው ተዘጋ፣ የሠራዊቱ ባለሙያዎች መጥተው አፈነዱት። የጂኦካሺንግ ሳጥን ነበር። ስለዚህ ጥበቃ ወይም ፖሊስ ሲጠይቃችሁ አፑን ከፍታችሁ አሳዩ፣ ጨዋታውን አስረዱ፣ ሂዱ ካሉም ሂዱ።

አሁን ወደ ሳጥኑ። እኔ ከማንሳቴ በፊት ሁልጊዜ ፎቶ አነሳለሁ። ለማንም አላሳየውም፤ ስመልሰው ድንጋዩ በየትኛው ጎን እንደነበረ፣ ቅጠሉ እንዴት እንደሸፈነው ለማየት ነው። አንዳንድ ሰው «የተሻለ ቦታ» አግኝቶለት ሁለት ሜትር ያርቀዋል። እባካችሁ አታድርጉት። ባለቤቱ የመረጠው ቦታ ነው፣ የሰጠው ፍንጭም ለዚያ ቦታ ነው።

ከዚያ ትከፍቱታላችሁ። ክዳኑን ገልብጡና ዙሪያውን ያለውን ጎማ እዩት። ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት የአሸዋ ፍሬ ይኖርበታል። በጣት ጥረጉት። የአሸዋ ፍሬ ትንሽ ነው፣ ግን ክዳኑን ለውሃ የሚበቃ ያህል ክፍት ያስቀረዋል። ደብተሩ ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ ነው የሚሆነው። አውጥታችሁ የጨዋታ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ፤ ይኸው ነው። ግማሽ ገጽ አትያዙ። ሲጨርሱ አየሩን ከላስቲኩ ጫን ብሎ ማስወጣት፣ ዚፑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ጣት መዝጋት፣ የላስቲኩ ጫፍ ክዳኑ ውስጥ እንዳልገባ ማየት። አራቱም መቆለፊያ «ቀጭ» እስኪል።

ይህን ያህል የምዘረዝረው ምክንያት አለኝ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሳጥን ፈርሜ ልዘጋ ስል ሰዎች መጡ። ደንግጬ ክዳኑን ጫን አደረግኩት፣ ድንጋይ ሥር ከተትኩት፣ ሄድኩ። የላስቲኩ ጫፍ ወጥቶ ቀርቶ ኖሯል። ከሁለት ሳምንት ዝናብ በኋላ ባለቤቱ ደብተሩ እንደተበላሸ ጻፈ። ርሶ፣ ተጣብቆ፣ አንድ ገጽ እንኳ አይገለጥም። የስድስት ዓመት ፊርማ ነበር። አንዳንዱ ሰው ልጁን ይዞ የመጣበትን ቀን ጽፎበታል። ከእኔ በኋላ የመጣ ሰው ስላልነበረ የማን ጥፋት እንደሆነ አውቄዋለሁ። ባለቤቱ ግን ማንንም አልወቀሰም። አንድ ቀን ሙሉ ስልኬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ከዚያ «እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ አጭር ነበር፤ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ ቅዳሜ አዲስ ደብተር ልከት ነው፣ ትመጣለህ?» ሄድኩ። ክዳን እንዴት እንደሚጠረግ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ናኖ የሚባሉት ደግሞ ሌላ ናቸው። የጣት ጫፍ የምታክል ማግኔት ያላት እቃ ናት፣ ውስጧ የተጠቀለለ ቀጭን ወረቀት አለ። እስኪርቢቶ አይገባባትም፣ የራሳችሁን ያዙ። ወረቀቱን ለማውጣት ወረንጦ ያዙ፤ በጥፍር ስትጎትቱት ይቀደዳል። ስትመልሱት አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፣ ልል ከሆነ ክዳኑ አይገጥምም።

ስለ መለዋወጥ። ሳጥኑ ሰፊ ከሆነ ጥቃቅን ነገሮች ይኖሩበታል፤ ብይ፣ ቁልፍ ማንጠልጠያ፣ ትንንሽ አሻንጉሊት። ከወሰዳችሁ እኩል ዋጋ ያለው ወይም የተሻለ ተኩ። የምትተኩት ከሌላችሁ አትውሰዱ፣ ፈርማችሁ ሂዱ። ምግብ፣ መድኃኒት፣ መጠጥ፣ ቢላዋ፣ ክብሪት አይገባም። የሚቀጥለው ከፋች የሰባት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። የተሰበረ ነገርም አታስቀምጡ።

ቁጥር የተቀረጸበት የብረት መለያ ወይም ሳንቲም ካያችሁ ግን ነገሩ ይለያል። «ትራቭል በግ» (Travel Bug) ወይም «ጂኦኮይን» ይባላል። መንገደኛ ነው። ባለቤቱ ዓላማ ሰጥቶ ለቆታል፤ ባሕር እንዲያይ፣ ተራራ እንዲወጣ፣ ወደ ቤቱ እንዲመለስ። ምትክ ሳታስቀምጡ መውሰድ ትችላላችሁ፣ ግን አፑ ላይ መዝግባችሁ በቶሎ ሌላ ሳጥን ውስጥ ማሳደር አለባችሁ። ከተመቻችሁ ፎቶ አንሱለት፤ ባለቤቱ በሩቅ ሆኖ የሚያየው ጉዞ ያ ብቻ ነው። ቁጥሩ ግን በፎቶው እንዳይታይ። እቃውን በእጃችሁ መያዛችሁን የሚያረጋግጠው ያ ቁጥር ነው፣ ከታየ ማንም ቤቱ ተቀምጦ «አየሁት» ይላል። መሳቢያ ውስጥ ረስታችሁት ወራት ካለፉ አትፈሩ፤ ለባለቤቱ ጻፉለት፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ ልቀቁት። ዝም ብሎ ማስቀረት ነው አደራ በላ የሚያሰኘው።

ልቤ ወደሚወደው ክፍል መጣሁ፤ ወሬው። ብዙ ሰው ያገኘውን ሲመዘግብ «ቲኤፍቲሲ» ብሎ ይተዋል፤ በእንግሊዝኛ «ስለ ካሹ አመሰግናለሁ» የሚለው ሲያጥር ነው። ስህተት የለውም። ግን አስቡት፤ ባለቤቱ ቦታ መርጧል፣ ፈቃድ ጠይቋል፣ ሳጥን ገዝቷል፣ ዝናብ ሲጥል ሄዶ አይቶታል። ክፍያ የለውም። የሚያገኘው እናንተ የምትጽፉትን ብቻ ነው። ሁለት መስመር ጨምሩለት። «ሁለት ጊዜ አልፌው ሄድኩ፣ ሦስተኛው ላይ ሳቅኩ፣ እንዴት እንዳላየሁት!» ያለው ሰው ባለቤቱን ቀኑን ሙሉ ደስ አሰኝቶታል። ደብተሩ ደረቅ ነው፣ ሊሞላ ደርሷል፣ ክዳኑ ላልቷል፤ ይህም ይጻፍ፣ ይጠቅመዋል። የት እንደተደበቀ የሚያሳብቅ ቃል ወይም ፎቶ ግን አይውጣችሁ። የሌላውን ደስታ ነው የምትነጥቁት።

ያላገኛችሁትንም መዝግቡ። «ዲኤንኤፍ» ይባላል፣ አላገኘሁም ማለት ነው። ሰው ያፍርበታል፣ ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም። ሦስት አራት ሰው በተከታታይ አላገኘሁም ካለ ባለቤቱ ሄዶ ያያል፤ ሁሉም በዝምታ ካለፈ ሳጥኑ ጠፍቶ ወራት ይቆጠራል። ሳታገኙ «ጠፍቶ መሆን አለበት» ብላችሁ የራሳችሁን ሳጥን ጥላችሁ «አገኘሁ» ማለት ደግሞ ነውር ነው። ዋናው እዚያው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ሁለት ሳጥን አንድ ቦታ ይሆንና ለሁሉም ግራ ይሆናል።

እርዳታ ስትጠይቁ ምን እንዳደረጋችሁ ተናገሩ። «ፍንጭ ስጡኝ» ከምትሉ «ከግንዱ ሥር እስከ ቁመቴ ድረስ አይቻለሁ፣ ትክክለኛው ዛፍ ላይ ነኝ?» በሉ። የሚመልስላችሁ ሰውም የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይነግራችኋል። እናንተም ስትመልሱ በአንድ ጊዜ አታፍስሱት። «ቀና ብለሃል?» የምትል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትበቃለች፤ ያኛውም ራሱ ያገኘዋል። ቅሬታ ካላችሁ ለባለቤቱ ብቻውን ጻፉለት። መገኛ ነጥቡ 12 ሜትር ከሳተ «ስልኬ 12 ሜትር ወደ ምሥራቅ አሳየኝ» በሉት። «ነጥብ አትችልም» አትበሉት።

በቡድን ስትፈልጉ መጀመሪያ ያየው ሰው አይጩኽ። ዓይኑን ከቦታው ያንሳ፣ ጥቂት እርምጃ ይራቅ፣ ከዚያ «አየሁት» ይበል። ሌላው የራሱን ፍለጋ ይቀጥላል። እናንተ ዘንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ካለ ሳጥኑን እሱ ይክፈተው። ስንት ካሽ አገኘህ ብላችሁ ግን ሰላምታ አትጀምሩ። ሺዎችን ያገኘ አለ፣ በዓመት ስድስት ብቻ የሚያገኝም አለ። «የማትረሳው የቱ ነው?» ብትሉት ወሬው አንድ ሰዓት ይሄዳል።

የራሳችሁን ለመደበቅ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ብዙ አግኙ፣ መጥፎ ሳጥን ምን እንደሚመስል በእጃችሁ እዩ። ከዚያ የመሬቱን ባለቤት አስፈቅዱ። ከሌላ ሳጥን ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት። ውጭው ላይ የጂኦካሺንግ ሳጥን መሆኑን ጻፉበት፣ የዌዘርቢው ዓይነት ድንጋጤ ሊቀር የሚችለው እንዲህ ነው። በቀላሉ ልትደርሱበት የምትችሉት ቦታ ይሁን፤ ለጉብኝት ሄዳችሁ ደብቃችሁት ብትመለሱ ማን ይጠብቀዋል? መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ቆሻሻም ሰብስቡ። ለዚህ አንድ ባዶ ፌስታል ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

መጠበቅ ካልቻላችሁ ሳጥኑን ሄዳችሁ አውጡት፣ ከዚያ የሳጥኑን የኢንተርኔት ገጽ ዝጉ። ወይም ለሌላ ሰው አስረክቡ፤ ይፈቀዳል። ደብተሩን ያበላሸሁበት ሰው ባለፈው ዓመት ከአካባቢው ለቆ ሲሄድ ሳጥኑን ትረከባለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተረከብኩት። አሁን በየሦስት ወሩ ሄጄ ያንን ክዳን ገልብጬ አየዋለሁ።